ለወገብ የሚመች ወንበር፦ ለኮምቦልቻው ጠያቂ

አብሽር ወንድሜ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስለምውል ወገቤን አመመኝ፣ ምን ዓይነት ወንበር ልግዛ ብለሃል። እኔም ደሴ ላይ ሒሳብ ስሠራ የኖርኩ ነኝና ይገባኛል።

ፎቶ ብቻ አይተህ እንዳትገዛ። ባለሱቁ ቢያጉረመርምም አሥር ደቂቃ ተቀመጥበት። እግርህ መሬቱን በደንብ ይርገጥ፣ ጉልበትህ ወደ 90 ዲግሪ ይታጠፍ። ከዚያ በመቀመጫው ጫፍና በጉልበትህ ጀርባ መካከል ጣትህን ክተት። ሁለት ሦስት ጣት ካስገባ ልክህ ነው። ካላስገባ መቀመጫው ረዝሞብሃል፤ ወደፊት እየተንሸራተትክ ትውላለህ፣ ጀርባህም መደገፊያውን አያገኘውም።

የእኔ ስህተት ይኸው ነበር። የማናጀር ወንበር ተብሎ የተሸጠልኝ ጥቁር ግዙፍ ነገር፣ ሲያዩት ያምራል፣ ወገብ ጋ ግን ባዶ ነው። ጋቢ ጠቅልዬ ከኋላዬ እየሸጎጥኩ ከረምኩ። እውነቱን ለመናገር ጋቢው ከወንበሩ ይሻል ነበር። የመደገፊያው ጉብታ ከቀበቶህ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወገብህ የሚጎደጉድበት ቦታ ላይ ማረፍ አለበት።

ለኮምቦልቻ ሙቀት ጀርባው መረብ የሆነውን ውሰድ። ቆዳ መሳዩ ከሰዓት በኋላ ሸሚዝህን ጀርባህ ላይ ይለጥፈዋል። እኛ ደሴዎች ለብርዱ ብንመርጠው አይፈረድብንም።

ስትቀመጥበት ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ፒስተን አልቋል፣ ተወው። ጥሩ ወንበርም ቢሆን በየግማሽ ሰዓቱ ተነስተህ ተንቀሳቀስ። ሕመሙ ወደ እግርህ ከወረደ ወይም ካደነዘዘህ ግን ወንበሩን ተውና ሐኪም ጋ ሂድ።