ግቢው ተቆፍሮ ሙሉ ኪራይ? ለቡሬዋ እህታችን መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ቡሬ ላይ ሁለት ክፍል ከነበረንዳው ተከራይተሻል። አከራይሽ ጋሼ የመጸዳጃ ጉድጓድ ማስቆፈር ከጀመሩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። አፈሩ በረንዳሽ ድረስ ተቆልሏል፣ ልብስ ማስጫ የለሽም፣ ማድ ቤቱም ፈርሷል፤ እሳቸው ግን «ቤቱ ውስጥ እየኖርሽ አይደለም ወይ» ብለው ሙሉ ኪራይ ይጠይቃሉ። ቀንሼ ልክፈል ወይ ነው ያልሽው። በራስሽ ውሳኔ ቀንሰሽ አትክፈይ። ቅናሽ መጠየቅ ግን መብትሽ ነው። እኔ የሁለቱን ልዩነት የተማርኩት ከተጎዳሁ በኋላ ነው።

ደብረ ማርቆስ ስኖር እንጀራ ጋግሬ ለሁለት ምግብ ቤቶች አስረክብ ነበር። አከራዬ እማማ፣ እንደ እናት የማያቸው ሴት ነበሩ። ጣሪያው ያፈስ ስለነበር ክረምት ሳይገባ ይቀየርልኝ ብዬ የለመንኩትም እኔው ነኝ። ግንቦት ላይ ሠራተኛ አስገቡ። አሸዋው፣ የባሕር ዛፉ እንጨት፣ አሮጌው ቆርቆሮ፣ ሁሉም ግቢው ላይ ተከመረ። ከዚያ «ለአሥር ቀን ነው» ተብሎ ማድ ቤቱ ፈረሰ። ሰኔም ገባ፣ ማድ ቤቱ አልቆመም። ምጣዴን በረንዳ ላይ አውጥቼ ጋገርኩ፤ ጭሱ ልጆቼ የሚተኙበት ክፍል ይገባል፣ ሊጡ ላይ አቧራ ያርፋል። አንደኛው ምግብ ቤት አንድ ቀን እንጀራውን በሙሉ መለሰብኝ። ያን ቀን አለቀስኩ።

በንዴት ከ2,800 ብር ኪራይ 1,800 ብቻ ላክሁላቸው። አንድም ቃል ሳልናገር። እሳቸው ነገሩን እንደ ንቀት ቆጠሩት፤ በሳምንቱ «ቤቴን ልቀቂ» መጣ። እስከዚያች ቀን የተበደልኩት እኔ ነበርኩ፤ ከዚያች ቀን በኋላ ግን ኪራይ ያልከፈለች ተከራይ ተባልኩ። ይህ እንዳይደርስብሽ ነው ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ።

ከዕድራችን ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ማድ ቤቱና ግቢው ውሉ ላይ አለ ወይ?» ብለው ነው። ውላችን አንድ ገጽ ነበር፤ «ሁለት ክፍል ቤት» ይላል፣ ሌላ የለውም። ያዳነኝ የእማማ እውነተኝነት ነው። «ማድ ቤቱም ያንቺ ነው ብያታለሁ፣ እግዜር ይመስክር» አሉ። ማድ ቤቱ እስኪሠራ በየወሩ 700 ብር ሊቀነስልኝ፣ እኔም ካጎደልኩት 1,000 ላይ 300ውን ልመልስ ተስማማን። ማድ ቤቱ በሐምሌ አጋማሽ ቆመ፤ ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት አብረን ኖርን።

ሕጉን በተመለከተ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛሬም ይሠራል። አከራይ ቤቱን ለተከራየሽበት አገልግሎት በሚመች ሁኔታ መያዝና በሰላም እንድትገለገዪበት ማድረግ አለበት። ተከራይም አስቸኳይ ጥገና ሲመጣ አላስገባም ማለት አትችልም። ስለዚህ አሮጌው ጉድጓድ ሞልቶ ከሆነ ጋሼን አታስቁሚያቸው፤ የሞላ ጉድጓድ የሁላችሁንም ጤና ይጎዳል። ጥያቄሽ «ሥራው ይቁም» ሳይሆን «መቼ ያልቃል፣ እስከዚያ የማጣውስ እንዴት ይታሰባል?» ይሁን። አዲሱ ጉድጓድ የሚቆፈረው ለሌላ ተከራይ ሰርቪስ ቤት ሊሠራበት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እሱ ጥገና አይባልም፤ አንቺ የምትከፍይበትን ቦታ ወስዶ ለሌላ ማከራየት ነው፤ ያኔ ጠንከር ብለሽ ተናገሪ። መጀመሪያ ይህን አጣሪ።

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ም አለ። ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። በክልል ከተሞች ግን የሚሠራው ክልሉ በወሰናቸው ስለሆነ፣ የቡሬ ከተማ አስተዳደር ውስጥ የቤት ጉዳይ የሚያየውን ክፍል ሄደሽ ጠይቂ። ውልሽ በቃል ከሆነ፣ ሥራው ሳያልቅ በጽሑፍ ይሁን በይ፤ በረንዳው፣ ማድ ቤቱ፣ ቧንቧው፣ ልብስ ማስጫው ስማቸው ተጠርቶ ይግባ። እኔ ያጣሁት ያንን አንድ መስመር ነው።

አሁን ከጋሼ ጋር ተነጋገሪ። በሠራተኞቹ ፊት አይሁን፤ ሰው ሲያያቸው እልህ ይይዛቸዋል። ማታ፣ ከተቻለ ቡና አፍልተሽ፣ የሚያከብሩትን አንድ ጎረቤት ጨምረሽ። ከዚያ በፊት ግቢውን በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ ቀኑን ማስታወሻ ላይ ጻፊ፤ ማድ ቤቱ የፈረሰበትን ቀን በተለይ። ቁጥር ይዘሽ ሂጂ። «ቀንሱልኝ» ብቻ ካልሽ «አይ» ይባላል። «ማድ ቤቱ ከሌለ እንጀራ በየቀኑ እገዛለሁ፣ ወሩን ይህን ያህል ያስወጣኛል» ካልሽ ግን ቁጭ ብለው ያስባሉ። የተስማማችሁትን በሁለት ኮፒ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ቀሪውን ኪራይ በባንክ ክፈዪ፣ ደረሰኙንም ያዢ። እንቢ ካሉ ወደ ሽማግሌ፣ እሱም ካልሆነ ወደ ፍርድ ቤት ትሄጃለሽ፤ ያኔም ኪራይሽን ሳታቋርጪ ነው።

ገንዘብ ሳይነሳ የሚፈታም ነገር አለ። አፈሩን ከበረንዳሽ በአንድ ቀን ያስነሱልሽ። በጥግ በኩል ሸራና ሁለት ቆርቆሮ ቢያስመቱልሽ ጊዜያዊ ማድ ቤት ይሆናል፤ እኔ ያን ጊዜ ይህን ብጠይቅ ኖሮ እማማ እሺ ይሉኝ ነበር። ጥቅምት ነው፣ ቡሬ ደግሞ የበርበሬ አገር ነው፤ የዓመቱን በርበሬ የምታሰጪበትን ቦታም አሁኑኑ አስለዪ።

ልጆች እንዳሉሽ ጽፈሻል። ሌላው ሁሉ እስከ ነገ ማታ ይቆይ፤ ጉድጓዱን ግን ዛሬውኑ በወፍራም ጣውላ ያስከድኑት፣ ዙሪያውንም በእንጨት ያሳጥሩት።