አምስትን የመረጡት ሰዎች

"ጋሼ፣ እነዚህን መሃል ላይ የተከመሩትን ሰዎች ምን ብዬ ልጻፋቸው? ግዴለሾች ናቸው ወይስ ፈሪዎች?"

ጥያቄው የመጣው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ሥራ በቅርቡ ከጀመረ ወጣት ነው። ሪፖርት እያዘጋጀ ነበር። ሰዎች በፖለቲካ አመለካከታቸው ከግራ እስከ ቀኝ በተዘረጋ የቁጥር መስመር ላይ ራሳቸውን አስቀምጡ ተብለው፣ እንደተለመደው ብዙው መሃል ላይ ቆሟል። እኔ በዚሁ ሥራ አርጅቼ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ሁለት መስመር መልሼለት ልተኛ ነበር፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። አንዲት ልብስ ሰፊ ትዝ አሉኝ። ስለዚህ ለእሱም ለእኩዮቹም ይድረስ ብዬ ይህን ጻፍኩ።

"ተቻቻሉ፣ ተደማመጡ" የሚለውን ምክር እዘለዋለሁ። ሰምታችሁት ሰልችቷችኋል።

ያኔ ቤት ለቤት እየዞርን መጠይቅ የምናስሞላ ወጣቶች ነበርን። አሠልጣኛችን ጥብቅ ሰው ነበሩ። "ጭንቅላታችሁን አትነቅንቁ" ይሉናል። ሰው ሲናገር እሺ እሺ እያላችሁ ከነቀነቃችሁ፣ እናንተን ደስ የሚያሰኝ መልስ መስጠት ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ስታወራኝ እንኳ መነቅነቅ አቃተኝ፤ ስንት ጊዜ እንደተኮረፍኩበት!

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናቸውን ሳያቆሙ ነበር የሚመልሱት። "ጠይቅ፣ እሰማሃለሁ" አሉኝ። ስለ ግብር ጠየቅኳቸው። ሀብታሙ በእጥፍ ይክፈል፣ ያውም አይበዛበትም አሉ። ግራ ጥግ። ስለ ወንጀለኛ ቅጣት ጠየቅኳቸው። ሰው ቤት ሰብሮ የገባ ሌባ ሽማግሌ ሆኖ ይውጣ አሉ። ቀኝ ጥግ። መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ይግባ ወይ ስላቸው ሳቁ። ከሌላ አገር ሥራ ፍለጋ ስለሚመጡ ሰዎች ስጠይቃቸው ግን መኪናው ቆመ። ራሳቸው በአንድ ሻንጣ እንዴት ወደዚያ ሰፈር እንደመጡ፣ ማን እንዳስጠጋቸው፣ ማን በሩን እንደዘጋባቸው ነገሩኝ። ቅጹ ላይ ለዚህ ሁሉ ቦታ አልነበረም። እኔም ጠርዙ ላይ በደቃቃ ጽሑፍ ሞላሁት።

በመጨረሻ ካርዱን አወጣሁ። ከ1 እስከ 10፣ 1 ግራ፣ 10 ቀኝ። የት ነዎት?

አዩት፣ አገላበጡት። "እዚህ ውስጥ የለሁም" አሉ።

መመሪያችን አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጠይቁ ይላል። ደገምኩ። "በል አምስት አድርገው። ጊዜህን አላባክንብህ" አሉኝና መኪናቸውን አስነሱ።

አምስት አደረግኩት።

ቢሮ ስንመለስ መረጃ የምታስገባዋ ልጅ ቁጥር ቁጥሩን ብቻ ወደ ኮምፒውተር አስገባች። ጠርዝ ላይ ያለውስ ብዬ አለቃዬን ጠየቅኩ። "ለእሱ ዓምድ የለንም" አለኝ። እውነቱን ነበር፤ አልነበረንም። ሪፖርቱ ሲወጣ "ትልቁ የኅብረተሰብ ክፍል መሃል ላይ ያለና ጠንካራ አቋም የሌለው ነው" ይላል። ሪፖርቱ በቀረበበት ስብሰባ ላይ የሁለት ተፎካካሪ ፓርቲ ሰዎች ተገኝተው ነበር። ሁለቱም ያን ዓረፍተ ነገር አነበቡና ሁለቱም ተደሰቱ። አንደኛው "ሕዝቡ ገና አልነቃም፣ እናነቃዋለን" አለ። ሌላው "ሕዝቡ ረክቷል" አለ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለዚያች የስፌት መኪና አስብ ነበር። አልነቁም የተባሉት እኚያ ናቸው!

ቅጾቹ በኋላ ተወገዱ። የመላሾችን ምስጢር ለመጠበቅ ነው፣ ደንቡ ትክክል ነው፣ እኔም በሥራ ዘመኔ ሁሉ አስከብሬዋለሁ። ግን የጠርዙን ጽሑፍ ስም አጥፍቼ መገልበጥ እችል ነበር። የእሳቸውን ብቻ አይደለም፤ የሁሉንም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ቁጥሩ የሆነ ቦታ ተቀምጧል። ሰዎቹ ያሉት ነገር ግን የለም።

ከዚያ በኋላ ስለዚች "አምስት" ብዙ አንብቤአለሁ። መጀመሪያ የገረመኝ ተራ ነገር ነው። ከ1 እስከ 10 ባለ መስመር ላይ አምስት መሃል አይደለም። መሃሉ አምስት ተኩል ነው፤ አምስት ተኩል የሚባል ምርጫ ደግሞ የለም። ሰው አምስትን መሃል መስሎት ይመርጣል፣ በወረቀቱ ስሌት ግን ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ሆኖ ይቆጠራል። የዓለም እሴቶች ጥናት እስከ ዛሬ ከ1 እስከ 10 ይጠይቃል። የአውሮፓ ማኅበራዊ ጥናት ግን ከ0 እስከ 10 ስለሚል እዚያ አምስት እውነትም መሃል ነው። "ሕዝቡ ግራ ዘመም ነው፣ ቀኝ ዘመም ነው" የሚል ዜና ስታነቡ ካርዱ ከስንት እንደሚጀምር ጠይቁ።

መስመሩ ራሱ የመጣው ከመቀመጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1789 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) የፈረንሳይ ብሔራዊ ምክር ቤት፣ ንጉሡ ሕግ የመሻር ሥልጣን ይኑረው አይኑረው ብሎ ሲከራከር፣ ደጋፊዎቹ ከሰብሳቢው በስተቀኝ፣ ተቃዋሚዎቹ በስተግራ ተቀመጡ። ለአንድ ጥያቄ ሁለት ወገን ይበቃል። ልብስ ሰፊዋ ግን የብዙ ጥያቄ ሰው ነበሩ፤ በአንዱ ግራ፣ በሌላው ቀኝ ሊቀመጡ ነው። ሁለት ወንበር የሚሰጥ ምክር ቤት ደግሞ የለም።

ፊሊፕ ኮንቨርስ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1964 ባሳተመው ጥናት፣ ፖለቲካን እንዲህ በግራና ቀኝ ሐሳብ ቀምሮ የሚያስበው ሰው ከመቶ 2.5 ብቻ ነው አለ። ይህን ይዘው "ሕዝብ ምን ያውቃል" ያሉ ብዙ ናቸው። እኔ ይሄ አባባል ያበሳጨኛል። ግን ኮንቨርስ ሌላም ነገር አሳይቷል፤ ያንኑ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ብትጠይቀው ብዙ ጊዜ ሌላ መልስ ይሰጥሃል። ይህን እኔም በሥራ ላይ አይቻለሁ። አንድ ሰውዬ ጠዋት የነገረኝን ከሰዓት ረስቶት ሲከራከረኝ ውሏል።

ልቤን ያሳረፈው ዴቪድ ብሩክማን የሚባል አሜሪካዊ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ በ2016 ያወጣው ጽሑፍ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ጉዳይ 1፣ በሌላው 9 የሆነ ሰው አማካዩ 5 ነው። ወረቀት ላይ ለዘብተኛ ይመስላል፤ በማንኛውም ጉዳይ ግን ለዘብ ያለ አይደለም። ሳነበው "ይኸው እሳቸው!" ብዬ ጮህኩ። ደግሞ በ2023 ሌሎች ተመራማሪዎች መጡና፣ መሃል ካሉት ብዙዎቹ በየጉዳዩም እውነትም መሃል ናቸው አሉ። እንግዲህ ሁሉም አምስት ልብስ ሰፊ አይደለም ማለት ነው። ሁሉንም በእሳቸው መለካት እንደሌለብኝ አውቃለሁ። ግን እለካለሁ፤ ምን ላድርግ።

እናንተን በተመለከተ አንድ የሚያስገርመኝ ነገር አለ። ከእኛ የበለጠ ታነባላችሁ፤ ችግሩ ርዕሱን ብቻ ነው። የምታነቡትን ማን እንደጻፈውም አታጣሩም። ፒው የምርምር ማዕከል በ2019 ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ ትዊተር ከሚጠቀሙ አዋቂዎች አሥር በመቶዎቹ ከመቶ ሰማንያውን ትዊት እንደሚጽፉ አሳይቷል። ስልካችሁ ላይ ሁለት ጎራ ሆኖ ሲቧቀስ የምታዩት ሕዝብ ይሄ ነው። ቀሪው ሥራው ላይ ነው፣ ወይ ያነባል፣ ወይ ተኝቷል። እናንተ ግን አንድ ቃል ስታዩ ሰውየውን መድባችሁ ብሎክ ታደርጉታላችሁ። እኛ ለመጣላት ቢያንስ ሁለት ስብሰባ ይፈጅብን ነበር።

ለዘብተኛነትን እያወደስኩ እንዳይመስላችሁ። መሃሉ ራሱ ቆሞ የሚጠብቅ ቦታ አይደለም። ስዊዘርላንድ በ1959 ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ ይስጡ ወይ ተብሎ ወንዶቹ ተጠየቁ። ሁለት ሦስተኛ ያህሉ አይሆንም አሉ። በ1971 እንደገና ተጠየቁ። ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ይሁን አሉ። በ1959 "ቀስ ይባል፣ ጊዜው አይደለም" ያለው ሰው መሃል ላይ ነበር። በ1971 ያንኑ ቢል ዳር ወጥቷል፤ እሱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ያን መሃል የገፉት ደግሞ በጊዜያቸው ጽንፈኛ የተባሉ ሰዎች ናቸው።

አንድ የልጅነት ጓደኛ አለኝ። ከወጣትነቱ አንድ ጎራ ይዞ እዚያው ያረጀ ሰው ነው። እኔን መሃል ሰፋሪ ይለኛል። እኔም የፓርቲህ መግለጫ ካልወጣ የምታስበውን አታውቅም እለዋለሁ። ሆኖም ሰልፍ ሲኖር ዝናብ ላይ የሚቆመው እሱ ነው። እኔ በመስኮት ሆኜ በየትኛው ጉዳይ ከእሱ ጋር እንደምስማማ፣ በየትኛው እንደማልስማማ እለያለሁ። ለይቼ ሳልጨርስ ሰልፉ ያልፋል።

ለጠየቅከኝ ልጅ፣ ግዴለሾችም ፈሪዎችም ብለህ አትጻፍ። አምስትን የመረጡትን ለብቻ አውጣና በየጥያቄው ምን እንዳሉ እይ። በሁሉም መሃል የሆኑትን፣ በአንዱ 1 በሌላው 9 ከሆኑት ጋር አትደምር። "አላውቅም" ያሉትን ደግሞ ከሁለቱም ጋር አትቀላቅል፤ እነሱ ሌላ ሰዎች ናቸው። ጠርዝ ላይ የተጻፈ ነገር ካገኘህ ማንነት የሚያሳውቀውን ሁሉ አጥፍተህ ገልብጠው። አለቃህ ሪፖርቱ ውስጥ ቦታ የለም ካለህ አባሪ አድርገህ ከኋላ ጨምረው። አባሪ የሚያነብ አለቃ እስካሁን አላጋጠመኝም።