ለተክሊል ቀን የወር አበባን በመድኃኒት ማዘግየት ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከፋሲካ በኋላ በተክሊል፣ ቆርበን ልንጋባ ነው። ቀኑን ቤተሰብ ቆርጦታል፣ አዳራሹም ተከፍሏል። ስቆጥረው ግን የወር አበባዬ ልክ የሠርጉ ዕለት ላይ ይውላል። ጓደኛዬ «ፋርማሲ ሄደሽ ኖርኤቲስቴሮን ግዢ» አለችኝ። የወሊድ መከላከያ ነው ሲሉ ሰምቼ ደነገጥኩ። ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ብዙ ሙሽሮች ይህን ለንስሐ አባታቸው እንኳ ሳይነግሩ በሹክሹክታ ይጨርሱታል።

ኖርኤቲስቴሮን ፕሮጄስትሮን የሚባለውን የሴት ሆርሞን አስመስሎ የተሠራ መድኃኒት ነው። በአነስተኛ መጠን በአንዳንድ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች ውስጥ አለ፤ ለማዘግየት ሲሆን ግን ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው 5 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ነው፣ ደሙ ከሚጠበቅበት ቀን 3 ቀን ቀደም ተብሎ ይጀመራል። አንቺ ገና ወንድ አላወቅሽም፣ የምትከላከዪው ጽንስ የለም። ስለዚህ እንደ እኔ ኃጢአት አይደለም።

የወር አበባውም ኃጢአት አይደለም። በልማደ አንስት ጊዜ የማትቆርቢው ሥርዓት ስለሆነ ነው እንጂ እግዚአብሔር ስለተጸየፈሽ አይደለም። 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት ልብሱን ስትነካ ጌታ «ልጄ ሆይ» ነው ያላት።

እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሠርግ ስለሌለ ሁሉም ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ይሻማል፣ ቀን ሲቆረጥ አዳራሹ፣ ዲኮሩ፣ ቪዲዮው ሁሉ ይጠየቃል፣ የሙሽራዋን ቀን ግን የሚጠይቅ የለም፣ እናት እንኳ አፍራ ዝም ትላለች!

አሁን ዛሬውኑ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ ለእጮኛሽም። ቀኑ በሳምንት የሚገፋ ከሆነ እሱ ይሻላል። ካልሆነ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ከጓደኛ ቦርሳ እንዳትወስጂ። አንቺ ወይም ቤተሰብሽ የደም መርጋት ካጋጠማችሁ፣ የጉበት ሕመምም ካለብሽ ሳትደብቂ ተናገሪ። መድኃኒቱን ካቆምሽ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ ደሙ ይመጣል፣ ይህን ባልሽም ቀድሞ ይወቀው። እንዲህ ሲወሰድ እርግዝናን ይከላከላል ብለሽም አትተማመኚ።

አንዳንዴ እየወሰድሽም ጠብታ ደም ልታዪ ትችያለሽ። ያኔ ካባ ለብሰሽ ቆመሽም ቢሆን ለካህኑ ንገሪ። ደብቀሽ እንዳትቆርቢ፣ ቁርባኑ በሌላ ቀን ይደርሳል።