ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የጃማይካው ሰራሲ የስኳር ኪኒኔን ይተካልኛል?

«ዶክተር፣ የምኖረው ለንደን ነው። ዕድሜዬ 56 ነው። ስኳር አለብኝ፤ ሜትፎርሚንና ግሊክላዛይድ እወስዳለሁ። አብራኝ የምትሠራ ጃማይካዊት ሰራሲ የሚባል የደረቀ ቅጠል ሰጠችኝ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ አፍልቼ እጠጣለሁ። ስኳሬ ወርዶልኛል። ግን በጾም ቀን ረፋድ ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀኛል። ዘሩን ተክዬ ኪኒኑን ብተወውስ? ነፍሰ ጡር ልጄም ደም ያጠራል ስለተባለች ልትጀምረው ነው።»

እህቴ፣ ከመንቀጥቀጡ ልጀምር። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። የነገሩኝ ምልክት ስኳር ከልክ በታች ሲወርድ የሚታይ ነው። ግሊክላዛይድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ መድኃኒት ነው። በሉም አልበሉም ሥራውን ይሠራል። በዚያ ላይ ጾም አለ፣ በዚያ ላይ ሰራሲው አለ። ሦስቱ ተደራርበው ነው ረፋድ ላይ የሚጥልዎት ብዬ እጠረጥራለሁ።

ስለዚህ ሻይውን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ኪኒኑን ግን በራስዎ አይተዉት። ሲንቀጠቀጡ ቶሎ በመለኪያው ይለኩ። ከ4 በታች ከሆነ (አገር ቤት በሚጠቀሙበት አቆጣጠር ከ70 ገደማ በታች ማለት ነው) ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ካልተነሣ ይድገሙት፤ ከተነሣ ዳቦ ወይም ሌላ ምግብ ይብሉ። መለኪያው አጠገብዎ ከሌለ ስኳሩን ለመጠጣት አይጠብቁ። ጾሙ ይገደፍ! ይህን ለንስሐ አባትዎም ይንገሯቸው፤ ለታመመ ሰው መፍትሔ አያጡለትም። በጾም ወቅት ግሊክላዛይዱን በየትኛው ሰዓትና ምን ያህል እንደሚወስዱ ደግሞ ጂፒዎ (የሰፈርዎ ሐኪም) ይወስኑልዎት። ራስን የሚያስት ወይም መዋጥ የሚከለክል ደረጃ ከደረሰ ቤተሰብ ምንም በአፍዎ ሳይጨምር ወደ አስቸኳይ ጊዜ ስልክ 999 ይደውል።

አሁን ወደ ቅጠሉ። ሰራሲ ጃማይካ ውስጥ በየአጥሩ ላይ ራሱን ዘርቶ የሚሳብ ሐረግ ነው። ሕንዶች ካሬላ ብለው ፍሬውን ወጥ የሚሠሩበት ተክል ዘመድ እንኳ አይደለም፤ ራሱ ነው፣ የዱሩ ዓይነት ፍሬው አነስ ይላል እንጂ። ጃማይካውያን ቅጠሉንና ግንዱን አፍልተው ይጠጡታል። የክረምት ዕረፍት አልቆ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ልጆችን «ሆድ ይታጠብ» ብለው ማጠጣት የቆየ ልማድ ነው። እኛ ኮሶ እንደምንጠጣው ማለት ነው፣ ምሬቱም አይተናነስም።

ስኳር ያወርዳል ወይ? ባልደረባዎ ከመሬት ተነሥታ አላወራችም። በ1985 የታተመ ጥናት ሰራሲ በአይጦች ላይ ስኳር እንደሚቀንስ አሳይቷል። በሰው ላይ ሲሞከር ግን ውጤቱ ደካማና የተዘበራረቀ ነው። በቀን 2000 ሚሊግራም የተክሉ ዱቄት የተሰጠበት አንድ ሙከራ ትንሽ ለውጥ አሳይቷል፤ 1000 ሚሊግራም ሜትፎርሚን ግን በልጦታል። በ2012 ጥናቶቹን ሰብስቦ የመረመረው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማም ለስኳር ሕክምና የሚበቃ ማስረጃ የለም ነው ያለው።

እኔ ዕፅዋትን የምንቅ ሐኪም አይደለሁም። የሚውጡት ሜትፎርሚን መነሻው ጋሌጋ የሚባል አውሮፓውያን በባህል የሚጠቀሙበት አበባ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን ለስኳር ሕሙማን መስጠቱን ያሳተመው በ1957 ነበር። ልዩነቱ በልኩ ላይ ነው። ኪኒኑ ዛሬም ነገም ያው 500 ሚሊግራም ነው። የሻይው ኃይል ግን በቅጠሉ ዕድሜ፣ በመሬቱ፣ እሳት ላይ በቆየበት ጊዜ ይለዋወጣል። እንዲህ የሚዋዥቅ ነገር ከግሊክላዛይድ ጋር ሲደረብ አደገኛ፣ ብቻውን ሲሆን ደግሞ የማይታመን ይሆናል። ስኳር ሳይታወቅ ከፍ ብሎ ሲኖር ዓይንና ኩላሊትን ዝም ብሎ ይበላል፤ ሰውየው ደህና ነኝ እያለ።

ጃማይካ ራሷ ስለ ቅጠል ሻይ ከባድ ትምህርት አይታለች። በ1950ዎቹ ሕፃናት ሆዳቸው እያበጠ፣ ጉበታቸው እየተጎዳ ሲሞቱ ሐኪሞች ምክንያቱን ፈለጉ። ጌሪት ብራስና ባልደረቦቹ በሽታውን በ1954 ገለጹት። መነሻው በቤት ከሚፈላ የጫካ ሻይ ጋር ተያያዘ። ተጠያቂው ሰራሲ አልነበረም፤ ጉበት የሚመርዝ ሌላ ተክል ነበር። በትግራይ ታሕታይ ቆራሮም በ2000ዎቹ ሰው የጨረሰ የጉበት በሽታ ከዚያው የመርዝ ዓይነት ጋር ተያይዟል፤ እዚያ የመጣው ከእህል ጋር ከተቀላቀለ አረም ነው። ስለዚህ ማንነቱን በእርግጥ የማያውቁትን የደረቀ ቅጠል አያፍሉ።

መትከሉን ግን አልከለክልዎትም፤ ደስ የሚል ሐረግ ነው። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ ጫፉን ጫር አድርገው ለብ ባለ ውሃ ያሳድሩት። ከዚያ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ገደማ በሆነ አፈር ውስጥ ያድርጉት። ለንደን ውስጥ በሚያዝያ ቤት ውስጥ አብቅለው ውርጭ ሲያበቃ ማውጣት፣ ወይም በመስታወት ቤት ማቆየት ነው፤ ብርድ አይችልም። የሚንጠላጠልበት ገመድ ይስጡት። አበባው ቢጫ ነው፤ ፍሬው ሲበስል ብርቱካንማ ሆኖ ይፈነዳና ዘሩን የሸፈነ ቀይ ሥጋ ይወጣል። ልጆችን የሚጠራው ያ ቀይ ነው፤ ዘሩ መርዛማነት አለው። በተለይ ጂ ስድስት ፒዲ (G6PD) የሚባለው፣ ቀይ የደም ሴሎችን የሚጠብቀው ኢንዛይም ያነሰበት ሰው ከነአካቴው ይራቀው፤ ደሙን ሊያፈርስበት ይችላል። ለሕፃናት ሻይውንም አይስጡ። በባዶ ሆድ ጠጥተው ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን የሳቱ ሕፃናት ተመዝግበዋል።

ለልጅዎ መልሴ አጭር ነው፤ አትጠጣ። ይህ ተክል በካሪቢያንም በሌላም አገር ጽንስ ለማስወረድ ሲውል የኖረ ነው። ጀምራው ከሆነ ዛሬውኑ ታቁምና ለአዋላጅ ነርሷ ትንገር። ቁርጠት ወይም ደም ካየች ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወደ ሆስፒታል ትሂድ።

እርስዎ ደግሞ ጂፒዎ ዘንድ ሲሄዱ የቅጠሉን ፓኬት፣ የኪኒኖቹን ሳጥንና የለኩትን ቁጥር ከነሰዓቱ ይዘው ይሂዱ። የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራም ይደገምልኝ ይበሉ። ውጤቱ በእውነት ጥሩ ከሆነ የሚቀነሰውን ኪኒን እሳቸው ይንገሩዎት፤ ግሊክላዛይዱ ቀድሞ ሊቀነስ ይችላል።