ስቴንት ገብቶለት የመጣ በሽተኛ ለሚጠብቃችሁ ወጣት ነርሶች

በቅርቡ እዚህ ድሬዳዋ አንዲት ወጣት ነርስ «ሲስተር፣ አዲስ አበባ ሄዶ ስቴንት የገባለት ሰው ድኖ መጣ አይደል፤ ለእኛ ምን ሥራ ቀረን?» አለችኝ። ስቴንት የተዘጋው የልብ የደም ቧንቧ ከተከፈተ በኋላ መልሶ እንዳይጠብ የሚገባ ትንሽ የብረት ቱቦ ነው። ጥያቄዋ ከልቤ ያልወጡ አንድ ሰው አስታወሰኝ።

ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ የከዚራ ሰው። የተዘጋው የልባቸው የደም ቧንቧ በስቴንት ተከፍቶላቸው ሲመለሱ የደረት ሕመሙ ለቅቋቸው ነበር፤ ገበያ ሳይቀር በእግራቸው ይሄዱ ጀመር። ከወራት በኋላ በሌሊት ላብ አጥምቋቸው፣ ደረታቸውን ይዘው ድንገተኛ ክፍል መጡ። ባለቤታቸው «ጥርሳቸውን ሲፍቁ መፋቂያው ላይ ደም እያዩ ፈሩና ክኒኑን ተዉት» አሉኝ። ከኮታቸው ኪስ በአራት የታጠፈ የመውጫ ወረቀት አወጡልኝ፤ ማጠፊያው ላይ ሊቀደድ ደርሷል። አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል ለአንድ ዓመት ሳይቋረጥ እንዲወሰድ በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። ያስረዳቸው ሰው አልነበረም። ሳይነጋ አረፉ።

ድዳቸውን ያደማው መድኃኒቱ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ነው። ስቴንት ባዕድ ብረት ነው፤ የቧንቧው ሽፋን እስኪያለብሰው ድረስ ደም ሊረጋበትና መልሶ ሊዘጋው ይችላል። ይህን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ለመናገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ነግራችሁ ስታበቁ በሽተኛው ራሱ መልሶ ይንገራችሁ። ጾም ሲመጣ ሐኪሙን አማክሮ የመዋጫ ሰዓቱን ማዛወር ይቻላል፤ በረመዳን ለሱሁር ሲነሣ መዋጥ ይችላል። ጫትንም አንሡ፤ ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። ግን አትቆጡ፤ የተቆጣችሁት ሰው ይዋሻችኋል።

አንድሪያስ ግሩንትዚግ ዙሪክ ላይ የልብ ቧንቧን በፊኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርሁ፤ ሕክምናው አገራችን ሲደርስ አያለሁ ብዬ አላሰብሁም። እናንተ ሞኒተር ማንበቡን ከእኛ አብልጣችሁ ታውቃላችሁ፤ እጃችሁ ግን ከበሽተኛው ርቋል፣ ይህ ያሳዝነኛል። የካቴተር ክፍል ውስጥ፣ ማለትም ቀጭን ቱቦ በደም ቧንቧ አስገብተው ልብን በሚያክሙበት ክፍል፣ የመሥራት ዕድል የሚገጥማችሁ የበሽተኛውን ብርድ ልብስ ግለጡ። በብሽሽት በኩል የተሠራለት ሰው ፋሻው ንጹሕ መስሎ ደሙ ወደ ታች ሊወርድ ይችላልና እጃችሁን ከወገቡ ሥር አስገቡ። የእግሩን ትርታ በጣታችሁ ፈልጉ። «ወገቤን» ካለና ግፊቱ ከወረደ ወደ ውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ለመጥራት አታመንቱ። ቧንቧውን ለማየት የሚሰጠው ቀለም ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል ሽንቱን ተከታተሉ፤ ሐኪሙ ካልከለከለው ውኃ ይጠጣ። በድሬዳዋ ሙቀት ይህ እጥፍ ያሳስበኛል።

ወረቀት አልወድም፤ ቢሆንም የመድኃኒቱን ስምና የክፍሉን ስልክ በሚያነበው ቋንቋ ጻፉለት። ደግሞ ሁሉም በፍርሃት አይተውም፤ ገንዘብ አጥቶ ክኒኑን የሚያቋርጥም ብዙ አይቻለሁ። ሊያልቅበት ሲል በምን እንደሚገዛ ሳይወጣ ጠይቁት፤ «ገንዘብ የለኝም» ካለ ወደ ሐኪሙና ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ይዛችሁት ሂዱ።