ጽሑፉ ለምን ከዕቃው ውስጥ ገባ?

ጥያቄ፦ ለሥራ ቤጂንግ በሄድኩበት ጊዜ ብሔራዊ ሙዚየሙን ጎበኘሁ። የጥንት የነሐስ ዕቃዎቹ ጽሑፍ እንዳላቸው ተነገረኝ። ዙሪያቸውን ባይ ባይ የለም። ለካ ከውስጥ ነው! ማን እንዲያነበው ነው?
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሙታን እንዲያነቡት ነዋ! በሻንግና በዡ ነገሥታት ዘመን እነዚህ ዕቃዎች ለቀደሙ አባቶች እህል፣ ሥጋና መጠጥ ይቀርብባቸው ነበር። መልእክቱም ምግቡ ያለበት ቦታ ተጻፈ። እኔ ይህን ማብራሪያ እወደዋለሁ። በሕይወት ያሉትም ግን አልተረሱም። ብዙዎቹ ጽሑፎች የሚያበቁት ልጅና የልጅ ልጅ ዕቃውን ለዘላለም እንዲጠቀምበት በመመኘት ነው።

ደግሞ በኋላ በመሮ የተቀረጸ እንዳይመስልዎት። አብዛኛውን ጊዜ ፊደሎቹ መጀመሪያ በሸክላው ቅርጽ ላይ ይሠራሉ፤ ከዚያ የቀለጠው ነሐስ ይፈስበታል።

እዚያው ሙዚየም "ሊ ግዌይ" የሚባለውን የነሐስ ዕቃ አይተውት ይሆናል። ባለ ሁለት እጀታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ሺአን አጠገብ ሊንቶንግ ተገኘ። የዡ ንጉሥ ዉ ሻንግን በማለዳ እንደወጋ፣ ከቀናት በኋላም ለሹሙ ለሊ ነሐስ እንደሸለመው ጽሑፉ ይናገራል። ሊም በሽልማቱ ይህን ዕቃ ለአባቶቹ አሠራ። አንድ መንግሥት ሲወድቅ የጻፈው ከ30 ብዙም ያልበለጡ ፊደላት ብቻ! ወሬ አያበዛም ሰውዬው።

ረዘም ያለ ከፈለጉ ታይፔ የሚገኘው "ማኦ ጎንግ ዲንግ" አለ። ወደ 500 ፊደላት ይዟል፤ ሌላ የዡ ንጉሥ ለሌላ ሹም የሰጠው ምክርና የሽልማት ዝርዝር ነው።