መልስ፦ ለሜክሲኮ የሙታን ቀን ድግስ ጭምብል ወይስ የፊት ቀለም?

ከእንግዳ ጋር ስትጫወት የምታመሽ ከሆነ ፊትህን የራስ ቅል የሚያስመስለው ቀለም ይሻልሃል። ሙሉ ጭምብል ድምፅ ያፍናል፣ ለመጉረስም አያመችም። በውሃ የሚሟሟ ነጭ ቀለም በእርጥብ ስፖንጅ ስስ አድርገህ ተቀባ፤ ከወፈረ በሳቅህ ቁጥር አፍህ ዙሪያ ይሰነጠቃል። ሳይደርቅ ጥቁሩን ከደረብክበት አመድማ ይሆናል። ጥቁሩን ከዓይን ዙሪያና ከአፍንጫ ጫፍ ጀምር፣ የጥርሱን ቀጫጭን መስመሮች ከንፈርህ ላይ መጨረሻ አስምር። እዚያ ሰላምታው ጉንጭ ለጉንጭ ስለሆነ የሰው ልብስ እንዳታበላሽ ፓውደር ነስንስበት።

ጥቁር ሙሉ ልብስ ይበቃሃል፤ ብዙ ሴቶች እንደ ካትሪና፣ ማለትም እንደ ታዋቂዋ ዘናጭ የሴት አፅም ምስል፣ በረጅም ቀሚስና በሰፊ ባርኔጣ ነው የሚመጡት። የሃሎዊን ደምና ቁስል ግን ይቅርብህ፣ ኖቬምበር 1 እና 2 ሙታን የሚታሰቡበት እንጂ ማስፈራሪያ አይደለም። የሟቾች ፎቶ ያለበት መሠዊያ ላይ የተደረደረው ዳቦና መጠጥ ለሟቾቹ የቀረበ ስለሆነ ሳይጋብዙህ አትንካ። ጨዋታ ለመክፈት ፎቶው የማን እንደሆነ ጠይቅ።